ለፊልም ብለው ለዳሩኝ ለጓድ ዳይሬክተር

ጉለሌ፣ ከቁስቋም በታች
መጋቢት 1979 ዓ.ም.

«ቁጠባዊ ጋብቻ» ለተባለው አስተማሪ ፊልም ዳይሬክተር
ለጓድ ካሣዬ

ጉዳዩ፦ ለማላውቀው ሰው ስለዳሩኝ፣ ለማውቀው ሰው እንድዳር እንዲፈቅዱልኝ ስለ መለመን

ክቡር ጓድ ካሣዬ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመዋል? ያቺ ስትከፈት የምትጮኸው ታጣፊ ወንበርዎ ደኅና ናት? ፀሐይ ኖረም አልኖረ ከዓይንዎ የማትወርደው ጥቁር መነጽርዎስ? ከእኛ ሰፈር ሲሄዱ ጉንፋን ጀማምሮዎት ነበርና ደረትዎ ተሽሎት እንደሆነ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑብኝ እኔን ከባሌ የሚያላቅቀኝ ሰው በአገሩ አይገኝምና። እኔ በበኩሌ ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት። ባሌም ደኅና ይመስለኛል፤ ካገባሁት ወዲህ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልችልም።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ መጀመሪያ እንደ ጨዋ ሰው በፖስታ ጽፌልዎት ነበር። ጸሐፊዎ «ጉዳዩ በዘንድሮው ዕቅዳችን አልተያዘም» ብለው መለሱልኝ። ደግሜ ስጽፍ ለፊልሙ የመጀመሪያ ቀን ሁለት የመግቢያ ቲኬት ላኩልኝ፤ አንዱ ለእኔ ነው፣ ሁለተኛው ላይ «ለባለቤትዎ» ተብሎ ተጽፎበታል። የትኛው ባለቤቴ እንደሆነ ግን አልገለጹልኝም። እንግዲህ ሦስተኛው ደብዳቤ ሰው ፊት ቢቆም አይፍረዱብኝ።

ከሰሌዳው ፊት ቆሞ «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» የሚል ስለማይጠፋ ነገሩን ከሥሩ ልንገር። ስሜ ይርጋለም ዳኜ ነው። የምሠራው ክር ፋብሪካ ነው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስኳርና ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ራሴው አንብቤ ተምሬዋለሁ፤ ስለዚህ ዜናው ግማሹ ላይ ተቀዶ ካልቀረብኝ በቀር በንግግር ከማንም አላንስም። ሸጎሌ ላይ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታው ደቻሳ እጮኛዬ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ «እሺ» ተብሎ፣ ሠርጋችን ለዳግማ ትንሣኤ ቀን ተቆርጦለታል። ወይም ተቆርጦለት ነበር። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

በጥር ወር እርስዎና ሠራተኞችዎ በሁለት መኪና ግቢያችን ደረሳችሁ። ግቢያችን ሰፊ ነው፤ እናቴ ወይዘሮ ብርቅነሽ ደግሞ እንግዳን እምቢ ማለት አይሆንላትም። ፊልሙ ሰፊው ሕዝብ ያለ ድግስ፣ በሽማግሌ ምርቃት ብቻ መጋባት እንደሚችል የሚያስተምር መሆኑን ነገራችሁን። እናቴ «ያለ ድግስ?» ብላ አንዴ ጠየቀች፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም፤ ያመማችሁ መስሏት ነው። ሙሽራ እንድትሆን ያመጣችኋት ተዋናይት ግን እንጦጦ ላይ ብርድ መትቷት ከመኪናው መውረድ አቃታት። እርስዎ ዞር ዞር ሲሉ ልብስ ሳሰጣ አዩኝና «ቁመቷ ይሆናል» አሉ። ስለ ቁመቴ ተናግሮ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ምንም አትናገሪም፣ ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው» ሲሉኝ እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ይቺ? ዝም ብላ? ኧረ ጓድ፣ የታመመችዋን ያስነሡ ይሻልዎታል!» አለችዎ። አልሰሟትም።

ደቻሳም ተጠይቋል። ጎማ እየነፋ «ፎቶ ነው በቃ፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ፈቀደ። አሁን ፎቶ የሚለውን ቃል ፊቱ አናነሣም።

እንግዲህ አቤቱታዬን እንደ ሠራተኞችዎ የሥራ ድርሻ በቁጥር አቀርባለሁ። አስቀድሜ የምመሰክረው ግን ከሁሉም መካከል ሥራውን ያበላሸ አንድም ሰው እንዳልነበረ ነው። ጥፋታቸውም እሱ ነው።

1ኛ. የፕሮዳክሽን ኃላፊው። የሰፈሩ ሰው «ይሄ ሰውዬ ግን ሥራው ምንድን ነው?» እያለ ሲጠያየቅ ነበር፤ ካሜራ አይዝም፣ ገመድ አይዝም፣ የሚይዘው ሲጋራ ብቻ ነው። ኋላ እንደገባኝ ሥራው የጎደለውን መፈለግ ነው፤ የዚያን ቀን የጎደለው ደግሞ ሽማግሌ ነበር። ከቲያትር ቤት ጢም የተለጠፈለት ሽማግሌ ማምጣት ሲችል «እውነተኛው ይሻላል» ብሎ ሸጎሌ ከብት ገበያ ወረደ። «እዚህ ከሁሉ አስበልጦ የሚመርቅ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ገበያው በሙሉ አቶ ዋቅጋሪን አሳየው። እሳቸው ካልመረቁለት በሬ የገዛ ሰው በሬውን ከገበያ አያስወጣም። ኃላፊዎ ታዲያ ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ በሩን በራሱ እጅ ዘግቶ፣ በክብር ይዟቸው መጣ። ለትጋቱ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ አቶ ዋቅጋሪ የእጮኛዬ የደቻሳ አባት ናቸው።

«አማትሽ ከሆኑ እንዴት አላወቁሽም?» ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ የወንዱ አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ ደጅ አይጠናም። ቤታችንን አያውቁትም፣ እኔንም በሠርጌ ቀን ነበር የሚያዩኝ። እኔ ግን ደቻሳ ጋ ስሄድ ገበያው መሃል ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። የሁለቱም ጆሮ አንድ ነው፤ ነፋስ የሚጠብቅ ጆሮ።

2ኛ. የገጽ ቅብ ባለሙያዋና የአልባሳት ባለሙያው፤ ባንድ ቁጥር ያስቀመጥኳቸው ባንድ ላይ ስለቀበሩኝ ነው። እሷ ቅንድቤን ካደገበት ነቅላ ግንባሬ ላይ ተከለችው፤ ጉንጬን ሞላችው፣ አፍንጫዬን አቀጠነችው፤ ስትጨርስ የገዛ ድመታችን አይታኝ አጥር ዘለለች። እሱ ደግሞ በዚያ ላይ ካባ ደረበብኝ፣ በካባው ላይ ዓይነ ርግብ ጣለብኝ፣ ዓይነ ርግቡን በመርፌ ቁልፍ ከአገጬ ሥር ቆለፈው። ከእኔ የቀረው ሁለት እጅ ነበር፤ እሱንም ጓንት አለበሰልኝ። እንኳን አይተውኝ የማያውቁት አቶ ዋቅጋሪ፣ የወለደችኝ እናቴ «ልጄ የት ሄደች?» ብላ እኔኑ ጠይቃኛለች።

3ኛ. የመብራት ባለሙያው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ ገመድ ጎትቶ ግቢያችን ውስጥ ሁለተኛ ፀሐይ አወጣ። «የሽማግሌው ፊት ላይ ጥላ እንዳይኖር» ብሎ መብራቱን በቀጥታ ወደ ዓይናቸው አዞረው። አቶ ዋቅጋሪ እስከ ዛሬ ሲጠየቁ «ብርሃን ነው የመረቅሁት፤ ሰው አላየሁም» ይላሉ። ዶሮዎቻችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ መቼ እንደሚተኙ ግራ ገብቷቸዋል፤ እሱን ግን ይቅር ብያለሁ።

4ኛ. የቁሳቁስ ባለሙያው። የዚህ ጓድ ሥራ የውሸት ነገር ማቅረብ ነው። መሶቡ ባዶ ነበር፣ ጠላው ሻይ ነበር፣ ዳቦው ካርቶን ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ነክሶት አልቅሷል። ይህ ሁሉ የውሸት ዕቃ ባለበት ግቢ ውስጥ ሽማግሌው የሚይዙትን ርጥብ ሣር ብቻ «የውሸቱ ቀለሙ አያምርም» ብሎ ከእንጦጦ ሥር ጤዛው ሳይረግፍ አጭዶ አመጣው። ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ የሚናገረው ነገር ጨዋታ እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው አላገኘም። ካርቶኑን ሣር፣ ሣሩን ካርቶን ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

5ኛ. የድምፅ ባለሙያው። አቶ ዋቅጋሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በሉ ልጆቼ» ሲሉ ነው በዓይነ ርግቡ ቀዳዳ አይቼ ያወቅኋቸው። ከአጠገቤ የተቀመጠው ተዋናይ፣ ጓድ ጀላል፣ ሙሽራ ሆኖ እጄን ይዞኛል፤ ከፊቴ የእጮኛዬ አባት ሣር ይዘው ቆመዋል። «አባ» ልል አፌን ስከፍት፣ ጆሮው ላይ ሁለት ጣሳ የሚመስል ነገር የጫነው ባለሙያዎ እጁን ሽቅብ ወረወረና «እህቴ፣ ምራቅሽ ይሰማል!» አለኝ። እስከ ዛሬ ስናገር «ዝም በይ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስውጥ «ዝም በይ» ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው።

6ኛ. ያቺ እግሯን አነባብራ፣ ቅድም የነበረው ሁሉ አሁንም እንደነበረ መሆኑን የምትጠብቀው ጓድ። በአፌ ቢከለክሉኝ በራሴ ልናገር ብዬ «አይሆንም፣ አይሆንም» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። «ቁም! ሙሽራዋ ቅድም አልነቀነቀችም» አለች። እጄን ከጀላል እጅ አወጣሁ። «ቅድም ግራ እጅዋ የእሱ እጅ ውስጥ ነበር» ብላ መልሳ ከተተችው። ዕንባዬ መጣ። «ቅድም አላለቀሰችም» ብላ ጠረገችልኝ። እንዲህ ያለች ሴት በየቀበሌው አንዳንድ ብትመደብ በዚህ አገር የሚለወጥ ነገር አይኖርም ነበር።

7ኛ. ድርሰቱን የጻፉት ጓድ። እሳቸው በቦታው አልነበሩም፤ የነበረው ወረቀታቸው ነው። ወረቀቱ «ሽማግሌው ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል» ይላል። እርስዎም «አባቴ፣ ሲጨርሱ እናጨበጭባለን» አሏቸው። አቶ ዋቅጋሪ ሣሩን ዝቅ አድርገው «ጭብጨባ የስብሰባ ነው፤ አሜን የማይል ካለ እኔ ወደ በሬዎቼ ልመለስ» አሉ። እርስዎ ግራ ቀኝ አይተው፣ መነጽርዎን አውልቀው ጠርገው፣ «ግዴለም አሜን እንላለን» አሉ። ለዚህ ድፍረትዎ በዚያን ቀን አድንቄዎት ነበር።

ከዚያም መረቁ። አመራረቃቸውን ለማያውቅ ልንገር፦ «ቤታችሁ በሩ አይዘጋ፤ አንዱ ሲናገር አንዱ ይስማ፤ ልጃችሁ ስማችሁን ይጥራ፤ እንደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ቢቆርጧችሁ መልሳችሁ አቆጥቁጡ» አሉ። በእያንዳንዱ መሃል አሜን ተባለ። ያለው ደግሞ ከካሜራው ፊት ያለው ሰው ብቻ አይደለም። የመብራቱ ሰው አሜን አለ። የገጽ ቅቧ አሜን አለች። የፕሮዳክሽን ኃላፊው ሲጋራውን ጥሎ አሜን አለ። እኔን ምራቅ የከለከለኝ ባለ ጣሳው ጆሮውን ይዞ አሜን አለ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ከመኪናቸው ወርደው ኮፍያቸውን አውልቀው አሜን አሉ። ሽማግሌ ሲመርቅ አፉን የሚዘጋ አበሻ እስካሁን አልተወለደም፤ የዚያን ቀን ተዘግቶ የነበረው አፍ የሙሽራዋ ብቻ ነው።

8ኛ. ካሜራማኑ። ሰው ሁሉ ረክቶ ሲተነፍስ እሱ ዓይኑን ከካሜራው መነጽር ሳያነሣ «ድመት ገባች፣ እንደገና» አለ። ተመረቅሁ። «ደመና አለፈ፣ እንደገና» አለ። ተመረቅሁ። «አሁንስ ከቅርብ» ብሎ ካሜራውን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ተከለው። ተመረቅሁ። በየመካከሉ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ የያዘ ጓድ ከፊታችን ቆሞ እንጨቱን ጧ! ያደርጋል። እናንተ ያን የምታደርጉት ለሥራችሁ ምልክት እንደሆነ ኋላ ተነግሮኛል፤ አቶ ዋቅጋሪ ግን የገበያ ሰው ናቸው፤ ሸጎሌ ላይ ሻጭና ገዥ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ጧ! ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ስለዚህ እኔ በጧ! ተሸጬ፣ በርጥብ ሣር ተመርቄ፣ በካሜራ ከሩቅም ከቅርብም ተድሬያለሁ። እንደ እኔ ጥብቅ ተደርጎ የተዳረ ሰው በጉለሌ ካለ ይቅረብና እንነጋገር።

9ኛ. እርስዎ ራስዎ፣ ክቡር ሆይ። የዳይሬክተር ሥራ ምን እንደሆነ ሲነግሩን «ሁሉም እውነት እንዲመስል ማድረግ ነው» ብለዋል። አቶ ዋቅጋሪ መጀመሪያ የመረቁት በቀስታ፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ነበር፤ ቢተዉዋቸው ኖሮ ቀላል ምርቃት ነበር፣ በዝናብ የሚታጠብ ዓይነት። እርስዎ ግን ሄደው ትከሻቸውን ያዝ አደረጉና «አባቴ፣ እንደዚህ አይደለም። የገዛ ልጅዎን እንደሚድሩ ሆነው፣ ከልብዎ ይመርቁልኝ» አሏቸው። ከልባቸው መረቁልዎት። እርስዎም ዕንባዎን ጠረጉ። እኔ ግን ቅድም አላለቀስሽም ስለተባልኩ አላለቀስኩም።

ሲያልቅ ምን እንደሆነ እርስዎ አላዩም፤ ወንበርዎን አጥፈው ቁልቁል እየወረዱ ነበር። ቅቡ ታጠበልኝ፣ ዓይነ ርግቡ ተፈታ፣ እናቴ «ይርጋለም!» ብላ ተጣራች። አቶ ዋቅጋሪ ስሙን ሲሰሙ ዞር አሉ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «የዳኜ» አልኩ። «ከቁስቋም ታች ያለው? የሞተው ዳኜ?» አሉ። «አዎን አባባ፣ እኔ ነኝ፤ የደቻሳ» አልኳቸው። ሰውዬው ሣሩን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄን በገዛ አፌ ዘረፍኩት» አሉ።

አልተቆጡም እኮ፤ ቢቆጡማ አፍ አለኝ፣ እከራከራለሁ። አዘኑ። «ፊልም ነው አባባ፣ ውሸት ነው» ብላቸው፣ «እነሱ ይዋሹ፣ ሥራቸው ነው። እኔን ግን ዋሽ ያለኝ የለም፤ መርቅ ነው ያሉኝ» አሉ። አንድን ሴት ለአንድ ወንድ በመረቁበት አፍ፣ እሱ በሕይወት እያለ፣ ለሌላው አይመርቁም። ያለ አባቱ ምርቃት ደግሞ ደቻሳ አያገባም፤ እኔም አላገባውም። በገበያው ሰው ሁሉ የሚታመንበትን አፍ የገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ አላስቀልልባቸውም። ደቻሳ አሁን የሰው ሚስት እንደሚያነጋግር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራኝ። ያ ሲስቅ ሰፈሩን የሚያስነሣ ልጅ ሰሞኑን ያልተበሳ ጎማ ለጥፎ ለባለቤቱ አስረክቧል። ጓድ ካሣዬ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከዚህች መስመር ሌላ ሁሉንም እየሳቁ ያንብቡት።

መፍትሔ አልፈለግንም እንዳይሉ ሁለት ሞክረናል።

መጀመሪያ ጓድ ጀላልን ለመንነው። ጨዋ ሰው ነው፣ መጣ። ገበያው መሃል አቶ ዋቅጋሪ ፊት ቀርቦ «ይህችን ልጅ ትለቃታለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ብሎ ቢሄድ በቃ አልቆ ነበር። እሱ ግን ተዋናይ ነው። ቀና አለ። ወደ እንጦጦ አየ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በግራ ዓይኑ ብቻ አንዲት ዕንባ አውርዶ፣ ድምፁን ሰብሮ፣ «ደስታዋ እዚያ ከሆነ... እለቃታለሁ» አለ። የሸጎሌ ከብት ነጋዴ በሙሉ አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር። አቶ ዋቅጋሪ ተነሥተው አቅፈውት «ይህ ልጅ ይወዳታል፤ እንዴት አድርጌ ነው የምነጥለው?» አሉ። እኔ በንዴት «ትወና ነው!» ብዬ ብጮኽ፣ «ባልሽን አትናቂ» ተባልኩ። ሲሄድ ደግሞ በጆሮዬ «እንዴት ነበርኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለሙያዎን እባክዎ ሁለተኛ እንዳይልኩት።

ቀጥሎ አንድ ወዳጅ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የምሥራች ይዞልን መጣ። ኤዲተር የሚባለው፣ ጨለማ ክፍል ቁጭ ብሎ ፊልሙን በመቀስ የሚቆርጥና የሚቀጥለው ሰው፣ የምርቃቱን ክፍል «ፊልሙ ረዘመ» ብሎ ቆርጦ አውጥቶታል አለን። ደስታዬን ምን ልንገርዎ! ከሠራተኞችዎ ሁሉ ያላስቸገረኝ እሱ ብቻ ነው ብዬ ስሙን ሳላውቅ ጸለይኩለት። ሮጬ ሄጄ «አባባ፣ ተቆረጠ! ከጀላል ጋር በመቀስ ተቆረጥን!» አልኳቸው። አቶ ዋቅጋሪ በሽማግሌ እንጂ በመቀስ የሚፈርስ ትዳር ሰምተው አያውቁም። በሐዘን አዩኝና «ልጄ፣ ቢቆርጧችሁ አቆጥቁጡ ብዬ መርቄያችኋለሁ እኮ» አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ ሥራ ማለት፤ ካሜራ የቀረጸውን ኤዲተር ያጠፋዋል፤ አቶ ዋቅጋሪ የመረቁትን ግን የእርስዎ መሥሪያ ቤት በሙሉ ቢሰለፍ አያጠፋውም።

የሚያጠፋው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው አስበው፣ አውጥተው አውርደው ተናግረዋል። ምርቃት የመራቂው ብቻ አይደለም፤ አሜን ያለው ሁሉ ድርሻ አለው። ስለዚህ ያን ቀን አሜን ያሉት ሁሉ ተመልሰው ይምጡ፤ ፊታቸው ቆመው «አባታችን፣ የያኔው አሜን የሥራ ነበር፤ አንሡልን» ይበሉ፤ ከዚያ ለደቻሳና ለይርጋለም አዲስ አሜን ይበሉ። አንድም ሰው እንዳይጎድል ብለዋል፤ የጎደለው ሰው አሜን እዚያኛው ትዳር ውስጥ ይቀራልና።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ሸጎሌ ከብት ገበያ በላይ ባለው የአቶ ዋቅጋሪ ግቢ፣ ከሙሉ ሠራተኞችዎ ጋር እንዲገኙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የፕሮዳክሽን ኃላፊው መንገዱን ያውቀዋል። የመብራት ባለሙያው ያለ መብራቱ ይምጣ። ድምፅ ባለሙያው ጣሳውን ቤቱ ያስቀምጥ፤ የዚያን ዕለት የምናገረው ብዙ ስለሆነ ለራሱ ጆሮም ይበጀዋል። ሰሌዳ የያዘው ጓድ እጁን ኪሱ ውስጥ ያድርግ። ያቺ ቅድም የነበረውን የምትጠብቀው እህታችን ከሁሉ በፊት ትምጣልኝ፤ ቅድም ከነበረው አንዳችም ነገር አሁን እንደማይኖር ቀስ ብዬ ላስለምዳት እፈልጋለሁ። ካሜራማኑ በገዛ ዓይኑ ይመልከት። ሹፌሮቹ እንዳይረሱ፤ የእነሱ አሜን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እርስዎ ደግሞ ምንም ሥራ የለብዎትም፤ «እንደገና» ሳይሉ ዝም ብለው መቀመጥ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ እኔም እንዲሁ ተብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

ያለ ድግስ መጋባት እንደሚቻል ስላስተማሩን፣ ያለ ፈቃድ መጋባት እንደሚቻልም ጨምረው ስላሳዩን፣ የቁመቴንም ነገር ስላስተዋሉልኝ፣ እናቴም ከልጅነቴ ጀምሮ ስትመኘው የነበረውን፣ ማለቴ ልጇ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ስትል ማየትን፣ ስለፈጸሙላት፣ ከግቢያችን ሰው ሁሉና ግራ ከተጋቡት ዶሮዎቻችን ጭምር የከበረ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዳይሰበር፣ መነጽርዎ እንዳይጠፋ፣ የሚያዝዙት ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ባለ ብዙ ምርቃቷ ታዛዥዎ
ይርጋለም ዳኜ
የአንድ ሰው ሚስት፣ የሌላ ሰው እጮኛ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ
ለማይመለከተውም፣ ቆሞ እያነበበ ስለሆነ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለመለጠፍ ስወጣ አቶ ዋቅጋሪ አንድ ነገር ጨምሪበት አሉኝ። ቅዳሜ ካልመጡ በእርስዎ ላይ ቂም አይኖራቸውም፤ የዳረኝ ሰው እርስዎ ስለሆኑ እርስዎን እንደ ሙሽራዋ አባት ይቆጥሩዎታል፣ በማግስቱም እሑድ ከሸጎሌ ሽማግሌዎችና ከከብት ነጋዴው ጋር፣ በልማዱ መሠረት፣ ያልተበላውን ድግስ ሊበሉ እርስዎ ቤት ይመጣሉ። ከሁለት ወር ጾም ወጥተው ነው የሚመጡት። ቤትዎን ሹፌርዎ አሳይቷቸዋል። እናቴም ስትሰማ ወዲያው ተስማማች፤ ስለ ቁጠባዊ ጋብቻ ያስተማሩት ነገር አሁን ገና ገብቶኛል፣ ጥሩ ትምህርት ነው በዪልኝ ብላለች።